ልጆቹን የዋጠ ሰማይ

አንድ ሰው ስለ ሩቅ አገርና ስለ ጥንት ዘመን ሲያወጋችሁ ከርሞ፣ ያ ሁሉ ወግ የገዛ ራሱ ታሪክ እንደ ነበር በኋላ የገባችሁ ጊዜ አለ? እኔን ገጥሞኛል። እንዲያውም ሰውየው በመጨረሻ ራሳቸው ነግረውኝ ነበር። የእኔ ጥፋት የነገሩኝን እንደ ፈተና ጥያቄ ቆጥሬ መልስ ልሰጥበት መጣደፌ ነው።

መምህር ይበልጣል ማረፋቸውን የሰማሁት ከእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰኞ ማለዳ፣ ደብረ ታቦር ጉም ለብሳ፣ ለክፍል እየተዘጋጀሁ ሳለ ጡሩምባው ከታች ሰፈር ተነፋ። እየቀረበ መጣ። በራችን ላይ ሲደርስ ሰውየው ስማቸውን ጠራ። አንድ እግሬን ካልሲ አልብሼ ሌላው ባዶውን እንደ ሆነ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ታመው የተኙት ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። ዐሥራ ሁለቱንም ቀን አንድ በአንድ ስቆጥር ነበር፤ ለሕመማቸው መነሻ የሆነውን ቀን ያሰናዳሁት እኔ ነኝና።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ ቅደም ተከተል ካልያዝኩ ነገር ይጠፋብኛል።

ከደሴ ተመድቤ ወደ ደብረ ታቦር የመጣሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ የማስተምረው ፊዚክስ ነው። መምህር ይበልጣል ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ ጋቢ የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ቅኔ ቤት ነው፤ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገቡት ጎልምሰው ነው። ከቅኔ ቤት የቀረላቸው አንድ ልማድ ነበር፦ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገው አይናገሩም። ተማሪ፣ “መምህር፣ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አላሉም” ሲላቸው፣ “ያ የባለፈው ሳምንት ነዋ! የትናንት እንጀራ ዛሬ ለእንግዳ ይቀርባል?” ይሉታል። ቅኔ ቤት ትናንት የተባለን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ ይህን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

መምህራንን በስማችን አይጠሩንም። የምናስተምረው ትምህርት ስማችን ነው። እኔ “ፊዚክስ” ነኝ። በመጣሁ በሳምንቱ መምህራን ማረፊያ ሻይ ይዤ ስገባ፣

“ፊዚክስ፣ ና እስቲ ተቀመጥ” አሉኝ። “ዓለም ከመፈጠሩ በፊት ምን ነበረ ነው የምትሉ እናንተ?”

“ጊዜም ቦታም አልነበረም ነው የሚባለው፣ መምህር።”

“ታዲያ ከግሪኮቹ በምን ተለያችሁ? እነሱም ባዶ ነበረ ነው የሚሉ። እናንተ ደመወዝ ይታሰብላችኋል፣ እነሱ በነፃ አሉት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።”

ግሪኮቹን ያገኟቸው ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ነው፤ ሽፋኑ የወደቀ፣ አይጥ ጫፉን የበላው አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ። የጥንት ግሪኮች ዓለም እንዴት ተፈጠረ ይሉ እንደ ነበር የሚተርክ ነው። እሳቸው ያን መጽሐፍ ጋቢያቸው ሥር ይዘውት ይዞራሉ። አንዱ ባልደረባችን፣ “መምህር፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነው ጣዖት ያስተምራሉ?” ቢላቸው፣ “ጣዖት አላስተማርሁም፤ የፈሩ አባቶች ታሪክ ነው” ብለው ዘጉት። የዚያን ጊዜ መልሱ አሳቀኝ።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች የሳይንስ ልብወለድ ፊልም በስልክ እንሠራለን ብለው ተነሡ። መሪያቸው ቃልኪዳን የምትባል የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ። ሳይንሱን ለእኔ ሰጡኝ። ልብወለዱን ለመምህር ይበልጣል ሰጡ። እኔ ስለ ሮኬት ፍጥነት፣ ስለ ስበት፣ ስለ ኦክስጅን አራት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅቼ መጣሁ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን መጥተው የግሪኮቹን ታሪክ ተረኩልን።

መጀመሪያ ባዶነት ነበረ፤ ግሪኮቹ ካኦስ ይሉታል። ከዚያ ምድር ማንም ሳይጠራት ብቅ አለች። ምድር ሰማይን ወለደች፤ ሰማይም ባሏ ሆነ። ግን ሰማይ ከላይዋ አልነሣ አለ። ተጋድሞባት ስለሚኖር የምታረግዛቸው ልጆች መውጫ አጡ፤ እየገፋ ወደ ሆዷ ይመልሳቸዋል። በመጨረሻ ክሮኖስ የሚባለው ትንሹ ልጅ እናቱ በሰጠችው ማጭድ አባቱን ቆርጦ ከምድር ለየው። በሁለቱ መካከል ቦታ የተገኘው፣ ብርሃን የገባው ያን ጊዜ ነው። ክሮኖስም በተራው ሲነግሥ፣ “አንተንም ልጅህ ይጥልሃል” የሚል ቃል ደረሰው። ስለዚህ ሚስቱ የወለደችለትን ሁሉ እየተቀበለ ዋጠ። የመጨረሻው ልጅ ሲወለድ ግን እናት ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ሳያይ ዋጠው።

“ሳያይ?” አለች ቃልኪዳን። “ድንጋይና ሕፃን አይለይም እንዴ?”

“ዓይኑን ጨፍኖ ነዋ! የሚፈራ አባት የልጁን ፊት አያይም።”

“እና ይህ ነገር ምኑ ነው ሳይንስ፣ መምህር?”

“ሳይንሱን ፊዚክስ ይጨምርበታል፤ በርበሬ እንደ መነስነስ ነው።”

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ፊልሙ ራሱን ሠርቶ አገኘሁት። አሠራሩን ላስረዳ፤ ለሌላም ሰው ይጠቅማል። ሰማይ መርከብ ይሆናል፤ በአንዲት ባዶ ዓለም ላይ ያረፈ የጠፈር መርከብ። በውስጡ ሰዎች ይወለዳሉ፣ ያድጋሉ፤ ግን የመርከቡ አዛዥ በሩን አይከፍትም። ለምን? ከመነሣታቸው በፊት አንድ ማሽን፣ “በመርከቡ ውስጥ የተወለደ ልጅ መሬት በረገጠ ቀን አዛዡ ይሞታል” ብሎ አስልቶ ነግሮታል። ስለዚህ የሚወለዱትን ሕፃናት ተቀብሎ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያስተኛቸዋል፤ አድገው ሲነቁም በሩ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። የግሪኮቹ ትንቢት የማሽን ስሌት ሆነ ማለት ነው፤ መዋጡም ማስተኛት። አማልክቱ ወጡ፣ ፍርሃቱ ግን ባለበት ቀረ።

መምህር ይበልጣል ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ “አዛዡን እኔ እሆናለሁ” አሉ። የመጀመሪያውንም ትዕይንት እሳቸው ወሰኑ፦ ፊልሙ ሲጀምር ምንም ምስል፣ ምንም ድምፅ አይኖርም፤ ጥቁር ብቻ። ቃልኪዳን፣ “ሰው ስልኩ የጠፋበት ይመስለዋል” ብትልም አልሰሟትም። አዛዡ ልጆቹ በሩን ክፈት ባሉት ቁጥር የሚመልሰውን አንድ ዓረፍተ ነገርም ጻፉ፦ “ስሌቱ ተሠርቷል።” ሲለማመዱት ድምፃቸው ከክፍሉ ግድግዳ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ልጆቹ ሳቃቸውን ያቆማሉ።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። “መምህር፣ አዛዡ ስሌቱን ለምን ደግሞ አያጣራውም? ማሽን ይሳሳታል።”

“የፈራ ሰው ሂሳብ ደግሞ አይሠራም” አሉኝ። “ልክ ቢሆንስ ብሎ ይፈራል። ከዚያ ደግሞ፣ ልክ ባይሆንስ ብሎ ይፈራል። ሁለተኛው ይብሳል።”

ሁለተኛው ለምን እንደሚብስ አልገባኝም፤ ለመጠየቅ ያፈርኩበት ብቸኛ ቀን ነው።

በዚያው ሰሞን ለመምህራን ሥልጠና አብረን ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ሄድን። መስኮት ዳር ተቀምጠው ስለ መሳፍንት ዘመን እያጫወቱኝ ነበር። ሐሙሲት ልንገባ ስንል በዓረፍተ ነገር መካከል ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አንሥተው ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ተከናነቡ። የገበያ ቀን ስለ ነበር መኪናው በሰውና በአህያ መካከል እየተሳበ ነው ያለፈ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከጋቢው ሥር ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ከተማዋ ወደ ኋላ ስትቀር ተገለጡና ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። ረዳቱ በመስተዋት አይቶ ሹፌሩን ጠቀሰው። እኔ አቧራ ፈርተው መሰለኝ።

ነገሩ የተገለጠው የድንጋዩን ትዕይንት በተለማመድንበት ከሰዓት በኋላ ነው። በፊልማችን እናት የምትሆነው ልጅ ድንጋይ በነጠላ ጠቅልላ ለአዛዡ ትሰጠዋለች። ቃልኪዳን ከግቢው በር አካባቢ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ አመጣች፤ ተጠቀለለ፤ ተሰጣቸው። መምህር ይበልጣል ተቀብለው ወደ መርከቡ ሆድ ሊወስዱት ነበር። አልወሰዱትም። በሁለት ክንዳቸው ይዘው ቆሙ።

“መምህር፣ ይሂዱ እንጂ!” አለች ቃልኪዳን ስልኩን እንደያዘች።

“ክብደቷ ይህን ያህል ነበር” አሉ።

ድንጋዩን እንደ ሕፃን በጥንቃቄ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ወጡ። ተከትያቸው ሄድኩ፤ በግቢው ባሕር ዛፎች ሥር አገኘኋቸው። እዚያ ቆመው ነው የነገሩኝ።

ቅኔ ቤት ሳሉ ከአንድ ጓደኛቸው ኮከብ መቁጠር ተምረው ነበር። በስምና በእናት ስም አስልቶ የሰውን ዕጣ ማየት ማለት ነው፤ በእኛ አገር ባልና ሚስት እንኳ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ የሚያስቆጥር አለ። በኋላ ሐሙሲት አስተማሪ ሆነው ሳለ አገቡ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ ከድግሱ መሐል ብድግ ብለው ጓዳ ገቡና የእሳቸውንና የልጅቱን ኮከብ ቆጠሩ።

“አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ከዋሉ፣ ልጅ ትቆማለች፣ አባት ይወድቃል፤ ይህ ነው የወጣ” አሉኝ። “ያን ዕለት ከእናቷ እጅ ተቀብዬ ታቀፍኋት። ፊቷን ሳላይ መልሼ ሰጠኋት። በሳምንቱ ዝውውር ጠይቄ ወደዚህ መጣሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነ።”

“አይተዋት አያውቁም?”

“ሐሙሲት ናት። ልብስ ሰፊ ሆናለች አሉ። በመንገዱ ሳልፍ... አይተኸኛል።”

ያን ጊዜ ነው ማብራራት የጀመርኩት። ኮከብ ማለት ፀሐይ መሆኑን፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የሰው ስም ሊያውቅ የሚችልበት ምንም መንገድ እንደሌለ አስረዳኋቸው። በጣት እየቆጠርኩ ነው ያስረዳሁት። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“ልክ ነህ፣ ፊዚክስ” አሉኝ። “አንተ ኮከብ ታውቃለህ። እኔ ደግሞ ፍርሃት አውቃለሁ። ምሳ በልተሃል?”

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ሰው ሁሉ ቢያስረዱት የሚድን የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ቃል ካልበቃ ሙከራ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ተማሪዎቼን የማስተምረው እንደዚያ ነው፦ ካላመናችሁ ሞክሩት፣ በዓይናችሁ እዩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የጠፈር ልብስ ማሰፋት አለብን በሚል ሰበብ ወደ ሐሙሲት ሄድኩ።

ልጃቸውን ስመኝን ለማግኘት ብዙ አልፈለግኩም። ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሲንጀር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጉልበታም፣ ረጅም፣ ቀጭን። አባቷን ከሩቅ የማያቸው መሰለኝ። ሰማያዊና ነጭ ሸራ ዘርግቼ ስድስት የጠፈር ልብስ አዘዝኳት።

“ሸራ ለብሶ ጨረቃ የሚሄድ ማን ነው?” አለችኝ።

“የደብረ ታቦር ተማሪዎች።”

“መንገዱ ሳይሠራ ጨረቃ ሊሄዱ!” ብላ ሳቀች። አዛዡ ማን እንደሚሆን ስነግራት ግን የማሽኑን ጎማ በእጇ ያዘችና አቆመችው።

“ሐሙሲት ሲደርስ ጋቢ የሚከናነበው ሰውዬ ነው አይደል?”

“ያውቋቸዋል?”

“ረዳቶቹ በሙሉ ያውቁታል። ‘አባትሽ ዛሬ አለፈ’ ይሉኛል። ልጅ ሆኜ መንገድ ዳር እየቆምሁ አንድ ቀን ጋቢው ሲነሣ አያለሁ እል ነበር። ነፋስ እንኳ አንሥቶት አያውቅም።”

የመጣሁበትን ነገርኳት፦ ልንቀርጽ ጉና ተራራ የምንወጣ ዕለት ትምጣ፤ ይገናኙ፤ ምንም እንደማይደርስ ይታያል። በጥሞና ሰማችኝ።

“ካየኝ ይሸሻል” አለች። “መጀመሪያ ድምፄን ይስማ።”

ሐሳቡ የእሷ ነው። ግን ለመምህር ይበልጣል ሳልነግር የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

ጉናን የመረጥነው ሌላ ዓለም ስለሚመስል ነው። ከገብሱና ከድንቹ እርሻ በላይ ሲወጡ ዛፍ ይቀራል፤ ጅብራ ብቻ ይቆማል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ ቅጠሉን እንደ ጎፈር የበተነ፣ በጉም ውስጥ ሲታይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሕዝብ የሚመስል ተክል ነው። እዚያ ላይ አንድ ያላለቀ ጥርጊያ መንገድ ዳር፣ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱ፣ ዝገት የበላው ኮንቴነር አለ። መርከባችን እሱ ነበር። መኪና የሚደርሰው ከታች እስከ ጅረቱ ነው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ወጣን። ስመኝ ከቃልኪዳን ጋር ቀድማ ወጥታ፣ የጠፈር ልብሷን ለብሳ፣ የሞተር ሄልሜት አጥልቃ ኮንቴነሩ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ገብታ ነበር።

የመጨረሻውን ትዕይንት ነው የምንቀርጸው። ልጆቹ ከውስጥ በሩን ይደበድባሉ፤ አንዷ፣ “አባቴ፣ በሩን ክፈት” ትላለች፤ አዛዡ ውጭ ቆሞ ቃሉን ተናግሮ ወደ ጉሙ ይገባል። ፊልሙ በዚያ ያልቃል። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ዝቅ ብሎ ነበር። እየቀረጽን ሳለ ይበልጥ ወረደ። የጅብራዎቹ አናት ጠፋ። አንድ ቁራ ከኮንቴነሩ ላይ ተነሥቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የወፍ ድምፅ አልነበረም።

ልጆቹ መደብደብ ጀመሩ። ባዶ ብረት ስለሆነ ተራራው ራሱ የሚደበደብ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉና አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ።

“አባቴ፣ በሩን ክፈት።”

መምህር ይበልጣል፣ “ስሌቱ...” ብለው ጀመሩና አቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

“ይህ የማን ድምፅ ነው?”

ወደ እኔ ዞሩ።

“ፊዚክስ፣ ውስጥ ማን አለ?”

ያን ሁሉ የማወራ ሰው አንድ ስም ከአፌ አልወጣ አለ። እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት። እጃቸው የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ነበር። ቁመታቸው በዓይኔ ፊት ያጠረ መሰለኝ። ወደ ጉሙ አንድ እርምጃ ሄዱ። እንደተጻፈው ሊሄዱ ነው አልኩ። በረዶ መጣል ጀመረ፤ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ የኮንቴነሩን ጣራ እንደ ድንጋይ ይቀጠቅጠው ጀመር።

ከውስጥ እንደገና፣ “አባቴ” አለች። ይህኛው ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም።

ተመለሱ። መቀርቀሪያውን በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ ዝገቱ አልለቅ ሲላቸው በትከሻቸው ገፉት። በሩ ተከፈተ። ስመኝ ወጣችና ሄልሜቷን አወለቀች። መምህር ይበልጣል መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ቀና አሉ። በረዶው ፊታቸውን እየመታው ነበር፤ ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም።

“እናትሽን ትመስያለሽ” አሏት።

“እሷ ደግሞ አንቱን ትመስያለሽ ነው የምትለኝ።”

“ክፉ ነገር ትልሻለች።”

ሳቀች፤ ስትስቅ ጥርሷ ይንቀጠቀጥ ነበር። “በርዶሻል” አሉ።

“ለእኔስ ግድ የለኝም” አለች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። “ሁለት ነን።”

ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። ካወቅኋቸው ጀምሮ ያለ ጋቢ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። ኮንቴነሩ ውስጥ መጠለል አንችልም ነበር፤ ጅረቱ ሞልቶ ሳይዘጋን መሻገር አለብን። ሁለት ሰዓት በበረዶና በዝናብ ወረድን። የእኔን ጃኬት ብሰጣቸው እንቢ አሉ። ከፊት ሆነው እጇን ይዘው ይሄዳሉ፤ ድንጋዩ ሁሉ ላይ፣ “እዚህ ጋ ያዳልጣል፣ እዚህ ጋ ርገጪ” ይሏታል። ሕፃን ልጅ እንደሚያስተምሩ።

ከጉና በወረድን በሦስተኛው ቀን ሳል ይዟቸው ተኙ። ሐኪሙ ሳንባ ምች ነው አለ፤ ዕድሜያቸውንና ቀድሞም ደካማ የነበረ ሳንባቸውን ጨምሮ አስረዳኝ። ማብራሪያውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም ከዚያ የተሻለ አላብራራም። ስመኝ ሱቋን ዘግታ መጥታ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። በገባሁ ቁጥር ሲያወሩ ነው የማገኛቸው፤ ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስገባ ዝም ይላሉ።

በተኙ በዘጠነኛው ቀን ስመኝ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ “መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው።

“ስሌቱ ልክ ነበር፣ ፊዚክስ” አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ወረቀት ሳስቶ።

“ኧረ መምህር፣ ብርድ ነው! ሐኪሙም...”

“እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሳታስረዳ ዋል።” ትንፋሽ ሰበሰቡ። “ልጅ ትመጣለች፣ አባት ይሄዳል። ልክ ነው። የማን አባት ነው ታዲያ እንዲህ ያልሆነ? የሁሉም አባት ስሌት ይኸው ነው። እኔ የብቻዬ መሰለኝ፤ ለብቻዬ የተጻፈብኝ መሰለኝና ሃያ ሦስት ዓመት ሸሸሁት።” ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ፤ የእሷን የእግር ኮቴ እየጠበቁ። “ፊቷ ላይ፣ እዚህ ጋ፣ ጠባሳ አላት። ከምን እንደ ሆነ ጠይቄያት ነገረችኝ። ሌላው አባት ይህን ሳይጠይቅ ያውቀዋል።”

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጡሩምባው ተነፋ።

በሣልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስመኝ ወደ ውጭ ጠራችኝ። ጥቁር ለብሳለች። ሆዷ ይታይ ጀምሯል።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳታሳምር መልስልኝ። እኔ ባልመጣ ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር?”

ስለ ሳንባ፣ ስለ አየር ጠባይ፣ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ በእሱ ምክንያት መጣ ማለት እንዳልሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ይህን በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ግን ያን ዕለት ጋቢው በእሷ ላይ ነበር።

“ይኖሩ ነበር” አልኳት።

አላለቀሰችም። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ለረጅም ጊዜ የጠበቀችውን ነገር እንደተቀበለች ሁሉ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አክስቴ ከአሁኑ የክርስትና ስሜን እየጠየቀችኝ ነው” አለች። “ከአባቴ ሞት በኋላማ ይህኛውን ሳታስቆጥሪ እንዳትወልጂ፣ ትለኛለች። አዋቂ አግኝታለች። ባሌም ምን ይጎዳል ይላል።”

ሰማይ ልጆቹን ገፋ፤ ልጁ ደግሞ ልጆቹን ዋጠ። ግሪኮቹ ታሪኩን ለሦስት ትውልድ ነው የሚተርኩት፤ በድንጋዩ የተረፈውም ሲነግሥ ያንኑ ፈርቶ እርጉዝ ሚስቱን ዋጠ። እዚያ ድንኳን በር ላይ ቆሜ ሦስተኛው በእሷ ሆድ ውስጥ መሆኑ ታየኝ።

“ምን አልሻቸው?”

“አላስቆጥርም አልሁ።” የጋቢውን ጫፍ ሰበሰበች። “ግን እፈራለሁ። አስቆጥሬ ባውቀው ይሻል እንደሆን እላለሁ፤ ባላየው ደግሞ ይሻላል እላለሁ። ልጄ ሲወለድ ፊቱን አያለሁ፤ ያን ብቻ ነው የምችል።”

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ፣ አንድ ሰው በነገራችሁ ቃል፣ በአንድ ሕልም፣ በአንድ ስሌት የተነሣ ከፊታችሁ ያራቃችሁት ሰው ካለ፣ ነገ በቀን ብርሃን ሂዱና ፊት ለፊቱ ቁሙ። ብዙ አትናገሩ፤ አታስረዱ። ፊቱን ብቻ እዩ፤ ጠባሳ ካለበት ከምን እንደ ሆነ ጠይቁት። ምንም አይደርስባችሁም ብዬ ዋስ አልሆናችሁም፤ ከእንግዲህ ለማንም እንደዚያ ብዬ ዋስ አልሆንም። ግን እባካችሁ፣ ሞክሩት።